የአያቴ ድምፅና 2 ሄርዝ

«ይቺ እናቴ አይደለችም።»

እናቴ ይህን ያለችው ሄድፎኑን ከጆሮዋ አውልቃ ጭኗ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ነው። አልተቆጣችም። የተሰማትን ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ክው አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ ከሥራ መልስ የለፋሁበት ካሴት ነው። አያቴ በ1979 ዓ.ም.፣ ደሴ ሆጤ ባለው ቤታችን፣ ቡና እየተፈላ መንዙማ ስትል የተቀዳ።

«እንዴት አይደለችም? ዜማውን አታውቂውም?» አልኳት።

«ዜማው የሷ ነው። ግጥሙም የሷ ነው። ድምፁ ግን የልጅ ድምፅ ነው። እናቴ እኮ ወፍራም ድምፅ ነበራት። ስትጣራ ታች ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር። አብሽሪ ልጄ፣ ካሴቱ አርጅቶ ይሆናል።»

እኔ አያቴን በአካል አላውቃትም። ከመወለዴ በፊት ነው የሞተችው። ስለዚህ «አይደለችም» ስትለኝ የምከራከርበት ነገር የለኝም። ድምፅዋን የሚያውቀው የእናቴ ጆሮ ነው። እኔ የማውቀው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሥዕል ነው። ሥዕሉና ጆሮዋ እስኪታረቁ ድረስ የሆነውን ነው ዛሬ የማወራችሁ።

ካሴቱ የአጎቴ ሥራ ነው። ያኔ ከኮምቦልቻ አሰብ በሚመላለስ ከባድ መኪና ላይ ረዳት ነበር። ቴፑን ከዚያ ገዝቶ አመጣ። ቤት እንደገባ መጀመሪያ የቀዳው እናቱን ነው። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ነው፣ በአንድ ፊት 30 ደቂቃ። ቡናው ይወቀጣል። ጎረቤት እየተጠራ ይገባል። አያቴ ታወጣለች፣ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። አንድ ቦታ ላይ ሕፃን ያለቅሳል። እናቴ ሕፃኑ ማን እንደሆነ ሳይቀር ታውቃለች።

መጀመሪያ እጄ የገባው ግን ካሴቱ ራሱ አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ከጅዳ በቴሌግራም የላከልኝ ኤምፒስሪ ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቼ ስፔክትሮግራሙን፣ የድምፁን ሥዕል ማለት ነው፣ ሳየው 16,000 ሄርዝ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። (ሄርዝ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል።) ከዚያ በላይ ጥቁር ነው። የካሴት ሽሽታ እንዲህ ድንገት አያልቅም፤ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ቀስ እያለ ነው የሚሳሳው። እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ፋይሉ ሲጨመቅ ነው። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒስሪ ብዙ ጊዜ እዚያ አካባቢ ይቆርጣል። አንዴ የተጣለውን ደግሞ የሚመልስ የለም። ስለዚህ ካሴቱን ፍለጋ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሐረጎን ስትወርዱ ጆሮ ይደፈናል። ጋቢ ደርባችሁ የተነሳችሁት ሰዎች ታች ስትደርሱ እጅጌ ትሰበስባላችሁ። አክስቴ ካሴቱን በፌስታል ጠቅልላ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከልብስ ሥር ነው ያስቀመጠችው። በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «አደራ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

የቤታችን አሮጌ ቴፕ ላስቲኩ ቀልጦ ከውስጥ ተጣብቆ ነበር። ፒያሳ ያለ ጠጋኝ ከሌላ የሞተ ቴፕ ፈትቶ ላስቲክ ገጠመልኝ። ሞተሩም ዞረ። ከቴፑ የሄድፎን ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ በገመድ አገናኘሁና ቀዳሁት። በሴኮንድ 44,100 ናሙና፤ ኮምፒውተሩ ድምፁን በየሴኮንዱ 44,100 ጊዜ ይለካዋል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል።

ድምፅ ስትቀዱ መጀመሪያ የምታዩት ያንን ሰማያዊ ሞገድ ነው። ጮክ ሲል ያብጣል፣ ዝግ ሲል ይቀጥናል። ድምፁ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ይነግራችኋል እንጂ የማን እንደሆነ አይነግራችሁም። ከትራኩ ስም ሥር ካለው ማውጫ «ስፔክትሮግራም» የሚለውን ስትመርጡ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜ ነው። ከታች ወደ ላይ ከወፍራም ወደ ቀጭን ድምፅ ይኬዳል። ቀለሙ ጉልበቱን ያሳያል። የሚዘፍን ሰው ድምፅ እንደ መሰላል ተደራርበው አብረው የሚወዛወዙ መስመሮች ናቸው። ጭብጨባ ቀጥ ያለ ቋሚ ሰረዝ ነው። ያ «እምምም» የሚለው የመብራት ድምፅ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አግድም ገመድ።

ይህን ሁሉ የምታዩት ግን ሴቲንጉ ለምትፈልጉት ነገር ከተስተካከለ ነው። እኔ አላስተካከልኩትም ነበር።

ዊንዶው ሳይዝ የሚባል ቦታ አለ። የእኔ 256 ላይ ነበር። ሲከፈት ከሥዕሉ ግርጌ አንድ ወፍራም ቢጫ ቀበቶ ተጋድሞ አየሁ። «በቃ፣ ጫጫታው ይሄ ነው» አልኩ። ሃይ ፓስ ፊልተር ከፍቼ ከ250 ሄርዝ በታች ያለውን ሁሉ ቆረጥኩት። እምምታው ጠፋ። ደስ አለኝ። ለሁለት ቀን ያህልም ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ከኤምፒስሪው ጋር ሳስተያየው ነው የደነገጥኩት። ከእምምታው ጋር የአያቴ ደረት አብሮ ሄዷል። ድምፅዋ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ መሰለ።

ለምን እንደሆነ ሒሳቡ ይናገራል። ፕሮግራሙ ድምፁን በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚመረምረው። አንዱ ቁራጭ ስንት ናሙና ይያዝ የሚለውን የሚወስነው ዊንዶው ሳይዝ ነው። 44,100ን ለ256 ስታካፍሉ 172 ይመጣል። በዚያ ሴቲንግ ፕሮግራሙ በ172 ሄርዝ እርምጃ ነው የሚራመደው። ከዚያ ያነሰ ልዩነት አይታየውም። የመብራቱ 50 ሄርዝ፣ ብዜቶቹ 100 እና 150፣ የአያቴ ድምፅ መሠረት 200 አካባቢ። ሁሉም አንድ ቀበቶ ሆነው ተጋደሙ። ሴት ስታወራ የድምፅዋ መሠረት ብዙውን ጊዜ ከ165 እስከ 255 ሄርዝ ባለው ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ በ250 ቆርጬዋለሁ። ጫጫታ ብዬ የጣልኩት ግማሹ እሷ ነበረች።

የደሴ ሰው በሚያውቀው ነገር ላስረዳ። ሰኞ ገበያ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ምን ምን እንደተሸጠ አጥርቶ ይነግራችኋል። ጤፉን ከነዓይነቱ፣ በጉን ከነዋጋው። «በስንት ሰዓት ነው የተሸጠው?» ብትሉት ግን «እንጃ፣ ዛሬ ነው» ይላል። በሚኒባስ ሲያልፍ በመስኮት አንድ አፍታ ያየ ሰው ደግሞ ሰዓቱን ከነደቂቃው ያውቃል። ያየው በግ ይሁን ፍየል ግን አልለየውም። ትልቅ ዊንዶው ቆሞ የዋለው ሰው ነው። ትንሽ ዊንዶው በሚኒባስ ያለፈው። ስሙም ራሱ መስኮት ነው።

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መሆን አይቻልም። ይህ የፕሮግራሙ ድክመት አይደለም። ዴኒስ ጋቦር የሚባለው የፊዚክስ ሰው በ1946 እ.ኤ.አ. ነገሩን በሒሳብ አስቀምጦታል። ጊዜውን ባጠራችሁ ቁጥር ፍሪኩዌንሲው፣ ያ በሄርዝ የሚቆጠረው፣ ይደበዝዛል፤ ፍሪኩዌንሲውን ባጠራችሁ ቁጥር ጊዜው። በቁጥር እንየው። 256 ላይ ቁራጩ 6 ሚሊሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው፣ እርምጃው 172 ሄርዝ። 2048 ላይ 46 ሚሊሴኮንድ፣ 21.5 ሄርዝ። 8192 ላይ 186 ሚሊሴኮንድ፣ 5.4 ሄርዝ። 32768 ላይ እርምጃው 1.35 ሄርዝ ድረስ ይወርዳል፤ ቁራጩ ግን 743 ሚሊሴኮንድ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ይጨበጨባል። ጭብጨባው ሁሉ ተቀላቅሎ አንድ ጉም ይሆናል።

(ቁጥሮቹ ሁልጊዜ እጥፍ እጥፍ የሚሆኑት ለምንድን ነው ለምትሉ፦ ስሌቱ የሚሠራው ኤፍኤፍቲ በሚባለው መንገድ ነው። ኩሊና ቱኪ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሲሆን ቁራጩን ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እየከፈለ ነው የሚፈጥነው።)

8192 ሳደርገው ቀበቶው ተሰነጣጠቀ። 50 ላይ አንድ ክር። 100 ላይ አንድ ክር። 150 ላይ ወፈር ያለ ክር። ከነሱ በላይ አያቴ። ለመጀመሪያ ጊዜ መብራቱን ከእሷ ለይቼ አየሁት። አንዱ ገመድ ነው፣ አይነቃነቅም። ሌላው ሰው ነው፣ ይንቀሳቀሳል። ስትወጣ ይወጣል፣ ስትወርድ ይወርዳል፣ ትንፋሽ ስትወስድ ይቋረጣል። ማታ ነበር፣ የጦሳ ተራራ ጉም መስኮቱ ድረስ ወርዷል። ብቻዬን ስክሪኑን በጣቴ ነካሁት።

ስኬል የሚለውን ደግሞ ችላ እንዳትሉት። ሊኒየር ላይ፣ ማለትም በእኩል እርምጃ፣ ሥዕሉ ከ0 እስከ 20,000 ሄርዝ ከተዘረጋ፣ ከ1,000 በታች ያለው ሁሉ የስክሪኑ አንድ ሃያኛ ብቻ ነው የሚደርሰው። የሰው ድምፅ መሠረት፣ የሙቀጫው ዱም ዱምታ፣ እምምታው፣ ሁሉም እዚያች ጥግ ታጭቀው ይቀራሉ። የቀረው ሰፊ ሜዳ የሽሽታ ነው። ሎጋሪዝሚክ ስታደርጉት ታችኛው ክፍል ይዘረጋል። ወይም የላይኛውን ወሰን 2,000 አድርጉት። እኔ ለእምምታ ሥራ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዓይኔ ሌላ ቦታ አይሄድም።

ሃይ ፓሱን ትቼ ጥሬውን ቅጂ እንደገና ከፈትኩ። አንድ ጠባብ መስመር ብቻ የሚቆርጠውን ኖች ፊልተር ወስጄ ክሮቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። እናቴን የጠራኋት ያን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ያኔ ነው «ይቺ እናቴ አይደለችም» ያለችኝ።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «የልጅ ድምፅ ነው» የሚለው ቃሏ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ድምፅዋ ቀጥኗል አላለችም፣ ቆርቆሮ ሆኗል አላለችም። በዕድሜ አንሳለች ነው ያለችው። ያንን የሚያደርግ ፊልተር አልነካሁም።

ተነሥቼ ጥሬውን ቅጂ ከፈትኩ። ገና መንዙማው ሳይጀመር ያለችውን ጸጥ ያለች ክፍል መረጥኩና «ፕሎት ስፔክትረም» ውስጥ ገባሁ። ይሄኛው ጊዜውን ትቶ የፍሪኩዌንሲውን አማካይ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሳይዙን 65536 አደረግኩት። እርምጃው 0.67 ሄርዝ ነው። ቆሞ የዋለው ሰው ማለት ይሄ ነው። ፈንክሽኑን ሃን አደረግኩት። ቁራጩን ጫፍና ጫፉ ላይ ቀስ አድርጎ ወደ ዜሮ የሚያወርደው ነው። ሬክታንጉላር ካደረጋችሁት የአንዱ መስመር ጉልበት ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። ጠባብ ነገር ስትፈልጉ ያ መፍሰስ ይደብቅባችኋል። በነገራችን ላይ ሃን የሰው ስም ነው። ዩልየስ ፎን ሃን የኦስትሪያ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነበር። ጉም የሚያጠና ሰው ስም የድምፅን ጉም በሚገፍፍ ነገር ላይ መዋሉ፣ ለደሴ ሰው፣ ደስ ይላል።

ሥዕሉ ሲወጣ እምምታው አንድ አልነበረም። ሁለት ነበር።

50 ላይ አንድ ጫፍ። 52 ላይ ሌላ ጫፍ። ተጠጋግተው ቆመዋል። ወደ ላይ ስሄድ 100 እና 104። ከዚያ 150 እና 156። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በሄዱ ቁጥር እየተራራቁ። 8192 ላይ 150 ላይ «ወፈር ያለ ክር» ብዬ ያለፍኩት ሁለት ክር ነበር።

ቴፑን አቆምኩት። ካሴቱ ሳይዞር፣ ገመዱ እንደተሰካ፣ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብዬ ቀዳሁ። ተመሳሳይ ሥዕል አወጣሁ። 50ው አለ፣ 100ው አለ፣ 150ው አለ። 52ቱና ዘመዶቹ የሉም። ገባኝ። 50ው የዛሬ ነው፣ ከግድግዳዬ ሶኬት፣ ከቻርጀሬ የመጣ። 52ቱ ካሴቱ ውስጥ ነው ያለው። በ1979 ዓ.ም. የአጎቴ ቴፕ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሲቀዳ ከድምፁ ጋር አብሮ የገባ የዚያን ቀን መብራት ነው።

የአገራችን መብራት ግን 52 ሄርዝ አይደለም። ያኔም ዛሬም 50 ነው። 50 ሆኖ የገባ ነገር 52 ሆኖ ከወጣ ካሴቱ ፈጥኗል ማለት ነው። በመቶ 4። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው መሄድ ያለበት። የአጎቴ ቴፕ ያኔ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፣ የእኔው ዛሬ ቸኩሎ ሊሆን ይችላል። የቱም ቢሆን ውጤቱ አንድ ነው፤ አያቴ ከራሷ በላይ ፈጥናለች።

በመቶ 4 ትንሽ ይመስላል። ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ቁልፍ ካለው ርቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። እኔ ሦስት ሳምንት ሰምቼው አላወቅኩትም። ያላወቅኩበትም ምክንያት አለው። ካሴት ሲፈጥን ሁሉም ነገር በእኩል ነው የሚባዛው። 200 የነበረው 208 ይሆናል፣ 300 የነበረው 312። በመካከላቸው ያለው ዝምድና አይነካም። ቅኝት ደግሞ ዝምድና ነው። ባቲ ባቲ ሆኖ ይቀራል፣ አምባሰልም አምባሰል። ዜማው አልተበላሸም፣ ግጥሙ አልተበላሸም። እናቴም እኮ ይህንኑ ነው ያለችው፦ «ዜማው የሷ ነው፣ ግጥሙም የሷ ነው።» የተቀየረው ከዝምድናው ውጭ ያለው ነገር ነው። የጉሮሮዋና የአፏ ስፋት የሚሰጠው ማስተጋባት አብሮ ከፍ ሲል፣ ሰውነቷ ያነሰ ሰው የምትዘፍን ይመስላል። ልጅ ትመስላለች። የእናቴ ጆሮ ያን ይዟል፤ ይህን ያህል ዓመት ሳትሰማት ቆይታም ያን ይዟል።

በማግስቱ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቀልኩት። ቴፑን በባትሪ ድንጋይ አደረግኩት። ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር እንደገና ቀዳሁት። የ50ው መስመር ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፣ 52ቱ ብቻውን ቀረ። ይህን ከመጀመሪያው ባደርገው ኖሮ ግማሹ ሥራ ይቀርልኝ ነበር። ለምትሞክሩ ሁሉ አጥብቄ የምለምነው ይሄን ነው፦ ካሴት ስትቀዱ ከሶኬት ራቁ።

ከዚያ የፍጥነት መቀየሪያውን ከፈትኩ። 50ን ለ52 ስታካፍሉ 0.9615 ነው። ስለዚህ ከመቶ 3.846 መቀነስ። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲጻፍለት አያጉረመርምም። እርግጥ የዚያን ቀን መብራት ራሱ ልክ 50 ላይ ቆሞ እንደነበር ማንም አይምልም። ተጠቃሚ ሲበዛበት ትንሽ ይወርዳል፣ ሲቀልለት ትንሽ ይወጣል። ቁጥሩ መነሻዬ ነው። ፍርዱን ለእናቴ ነው የተውኩት።

አሁን ሽሽታው ቀረ። ለኖይዝ ሪዳክሽን፣ ለጫጫታ ቅነሳው፣ ፕሮግራሙ «ጫጫታ ብቻ ያለበትን ቦታ አሳየኝ» ይላችኋል። ያን ናሙና አድርጎ ከሌላው ሁሉ እሱን የመሰለውን ይቀንሳል። መጀመሪያ ስሠራ የካሴቱን መግቢያ፣ አራት ሴኮንድ ያህል፣ ሰጥቼው ነበር። ዊንዶዬ ያኔ 32768 ላይ ስለነበረ ቦታው ከዳር እስከ ዳር ወጥ የሆነ ጉም መስሎኝ ነበር። ማንም የለበትም ብዬ ነው የመረጥኩት።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ግን አንድ ሥዕል አይቶ መቁረጥ ፈራሁ። ዊንዶውን ወደ 1024 አወረድኩት። ሚኒባሱ ላይ ወጣሁ ማለት ነው፤ 23 ሚሊሴኮንድ ብቻ። ጌይን የሚለውን ከ20 ወደ 40 ዴሲቤል ከፍ አደረግኩት። ይሄ ድምፁን አይነካም፣ ሥዕሉን ብቻ ነው የሚያበራው፤ ደብዛዛው ነገር እንዲወጣ። እንደ ፋኖስ ክር ከፍ ማድረግ ነው። ወሰኑን ከ500 እስከ 5,000 ሄርዝ አጠበብኩት።

ጉሙ ውስጥ ትንንሽ ደመናዎች ነበሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ እረፍት። እንደገና አንድ፣ ሁለት። መስመር የላቸውም፣ መሰላል የላቸውም። ጭብጨባም አይደሉም፤ ጭብጨባ እንዲህ አይለሰልስም። የሚመጡበት ምት ግን የሰው ንግግር ምት ነው። ልቤ ዘለለ። ድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻ ከፍቼ ሄድፎኑን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

«ቢስሚላህ» ትላለች። በሹክሹክታ። ከዚያ የማልለያቸው ቃላት፣ ዱዓ ናቸው። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ከዚያ መንዙማው።

ሹክሹክታ የድምፅ አውታር አይርገበገብበትም፣ ለዚህ ነው መሰላል የሌለው። ትንፋሽ ነው በአፍ ቅርፅ የሚቀረጸው። ለፕሮግራሙ ከካሴት ሽሽታ ጋር አንድ ዘር ነው። በትልቅ ዊንዶው ሲታይ ደግሞ ምቱም ተድበስብሶ ይጠፋል። እኔ ያንን ወስጄ «ጫጫታ ማለት ይሄ ነው» ብዬ ሰጥቼዋለሁ። ፕሮግራሙም የታዘዘውን አደረገ። ከ30 ደቂቃው ሁሉ የአያቴን ትንፋሽ የመሰለውን እየፈለገ አወጣ። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል። ጥሬው ቅጂ ባይኖረኝ ኖሮ፣ ካሴቱም በዚያ መሐል ቢበጠስ ኖሮ፣ አላገኛትም ነበር።

አዲሱን ናሙና የወሰድኩት ካሴቱ ሊያልቅ ሲል ካለች ባዶ ቦታ ነው። ሴቶቹ ወጥተው፣ ቴፑ ሳይዘጋ የቀረባት። እሷንም በ512፣ በ2048፣ በ16384 አየኋት። ሰው የለባትም። የቅነሳውን መጠን ደግሞ 6 ዴሲቤል ብቻ አደረግኩት። ሽሽታው አለ። ይኑር።

እናቴን ስጠራት ረከቦቱ ፊት ነበረች። እጇን በነጠላዋ ጠረገችና መጣች። ምንም አልነገርኳትም። ሄድፎኑን አጠለቅኩላትና ከዜሮ ሴኮንድ አስጀመርኩት።

እኔ የማየው የእሷን ፊትና የሚሄደውን መስመር ነው። መስመሩ ሽሽታውን አለፈ። ሹክሹክታው ጋ ሲደርስ እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። እኔ ያልለየኋቸውን ቃላት እሷ አብራ እያለቻቸው ነው። መንዙማው ሲነሣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እሷ ናት» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ከማውጣቷ በፊት ሁሌ እንዲህ ታደርግ ነበር። ረስቼው ነበር እኮ። እንዴት ረሳሁት?»

ጀበናው ገነፈለ። ሁለታችንም አልተነሣንም።

ፋይሉን ለአክስቴ፣ ለጅዳውም ልጅ ልኬያለሁ። ካሴቱ ገና እኔ ጋ ነው፣ ሁለተኛው ፊት ስለሚቀረኝ። ትናንት ማታ ቀድቼው መጀመሪያ ያየሁት እምምታውን ነው። 52 ላይ የለም። 51.4 ላይ ነው የቆመው። ያው ቴፕ፣ ያው ካሴት፣ ፍጥነቱ ግን ሌላ ነው። እናቴን «ይሄኛው ሌላ ቀን ይሆን እንዴ የተቀዳው?» አልኳት።

«አዎ» አለችኝ። «ያ የአረፋ ዕለት ነው። እኔም አለሁበት።»